ድንቹ ላይ የበቀለው፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን በጥቅምት ወር ሃያ ሦስት ተማሪዎችን ይዞ ጀመረ። ፖስተር ለጥፈን ዓመቱን ከመጨረስ አንድ ነገር ይዘን እስከ ሰኔ እንቆይ ተባባልን። የያዝነውም በሰውነታችን ላይና ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ነው።

መጀመሪያ ከጥርስ ጀመርን። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በስቴኪኒ ጥርሷን ጫር አደረገች። የወጣውን ነጭ ነገር ስላይድ ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረግንበት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ወሰድነው። ውጭ የጅማ ዝናብ ይወርዳል። ልጅቷ ዓይኗን አስጠግታ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ አፌ ውስጥ ነው?» አዎ፤ ክቦቹም፣ ዘንግ የመሰሉትም፣ እንደ ዶቃ የተሰካኩትም። ሌቨንሁክ የተባለው ሆላንዳዊ በ1683 እ.ኤ.አ. ከራሱ ጥርስ ወስዶ ያየው ይህንኑ ነበር።

ጥር ላይ የተቀቀለ ድንች ቆርጠን አንዱን ባልታጠበ ጣት፣ ሌላውን በሳሙና በታጠበ ጣት ነካን። ሦስተኛውን አልነካነውም። በየጠርሙሱ አሸግናቸው፤ ማንም እንዲከፍት አልፈቀድኩም። በአምስተኛው ቀን የታጠበው ጣት የነካው ላይም ነጠብጣብ በቀለ። ልጆቹ ከፋቸው። «ታዲያ ሳሙናው ምን ሠራ?»

የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው እላለሁ። ቆዳችን ላይ ነዋሪም መንገደኛም አለ። እንደ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ያሉት ነዋሪዎች ታጥበው አያልቁም፤ ቦታውን ይዘው ሌላ እንዳይገባ ይከላከላሉ። ከሽንት ቤት፣ ከብር ኖት፣ ከባጃጅ ብረት የምናነሳቸው ግን መንገደኞች ናቸው። ተቅማጥ የሚያመጡት በብዛት እነሱ ናቸው፤ ሳሙናም በደንብ የሚጠርገው እነሱን ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ስሌት አንድ ሰው ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ ይሸከማል። ክብደታቸው ግን 200 ግራም ገደማ ነው። አንድ ልጅ ከገበያ 200 ግራም ቡና አስመዝኖ አመጣ፤ ላስቲኩን በየእጃችን አዟዟርነው። ቁጥሩ ያን ጊዜ ገባቸው።

በጣም ያሳሰበኝ የመጋቢቱ ውይይት ነው። ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚገድለውን መድኃኒት፣ ለጉንፋን የወሰደ እጁን ያውጣ አልኩ። ከግማሽ በላይ አወጡ። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ እንክብሉ አይነካውም። የሚጎዳው አንጀት ውስጥ ያሉትን፣ ቫይታሚን ኬ የሚሠሩልንን ጭምር ነው። እነሱ ሲሳሱ ሌላው ቦታ ያገኛል፤ ተቅማጥ የሚከተለውም ለዚህ ነው። የተረፉትም መድኃኒቱን እየለመዱ ይሄዳሉ። ይህን በሰልፍ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያነበቡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ልጅ እናቱ የተረፈውን እንክብል ለታናሽ እህቱ ልትሰጥ ስትል «ተይ እማ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት» እንዳላት ነገረኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

በፈተና ሰሞን ሦስት ስብሰባ ቀርቶብናል። ማይክሮስኮፓችንም አንድ ብቻ ነው።

ለመስከረም እርሾና እርጎ እናያለን። ቤት ውስጥ የቆየ እርሾ ያላችሁ በትንሽ ብልቃጥ ለላብራቶሪ አምጡልን፤ ብልቃጡ ላይ የተያዘበትን ቀን ጻፉበት።