የፌርፊልድ ሃውስ ፎቶዎች፦ የቅዳሜው ስብሰባ

ውድ አባላት፣
ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት (በኢትዮጵያ ሰዓት) በዙም የምንገናኘው እንግሊዝ፣ ባዝ ከተማ ያለውን የፌርፊልድ ሃውስን ፎቶዎች በየዘመናቸው ለመለየት ነው። ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ይህ መኖሪያ ቪላ ከ1936 እስከ 1940 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የስደት ቤት ነበር። በ1958 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ለአረጋውያን አገልግሎት እንዲውል ለከተማዋ ሰጡት። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አረጋውያን የኖሩበትን ክፍል የስደቱ ዘመን ነው ብለን እንጽፋለን። በወንበርና በመጋረጃ አትፍረዱ፣ ከነዋሪው ጋር ይቀየራሉ። መስኮቱን፣ የእሳት ምድጃውንና የደረጃውን መደገፊያ አስተያዩ፤ እነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቦታቸውን አይለቁም። ግድግዳ ላይ የእጅ መያዣ ብረት ካለ ፎቶው የአረጋውያኑ ዘመን ሊሆን ይችላል።

ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ ነው) ስካን አድርጉ፣ ጀርባውንም ጭምር፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ጀርባው ላይ የምትጽፉ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ እስክሪብቶ ወደ ፎቶው የፊት ገጽ ያልፋል። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ፣ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል።

መገኘታችሁንና ስንት ፎቶ እንዳላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።