ረስቼው አልነበረም

ውድ ልጄ፣

የፋርማሲ ትምህርትሽን ጨርሰሽ ሥራ ልትጀምሪ መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ፣ ሳልነግርሽ የቆየሁት አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል። የደም ግፊት መድኃኒቴን ባቋረጥኩባቸው ሁለት ዓመታት «ረሳሁት» እያልኩ የመለስኩልሽ መልስ እውነት አልነበረም።

ግፊቱ አያመኝም ነበር፤ አያዞረኝም፣ ከሥራም አያስቀረኝም። ያልታመመ ሰው በየቀኑ ኪኒን የሚውጥበት ምክንያት አልታየኝም። በዚያ ላይ መድኃኒቱ ኩላሊቴን ይጎዳል፣ ሰውነቴም አንዴ ከለመደው፣ የባሰ ቀን ሲመጣ አይሠራልኝም ብዬ እሰጋ ነበር። የቀጠሮዬ ዋዜማ ማታ በሬን ዘግቼ የተረፉትን ኪኒኖች እቆጥርና ከማሸጊያቸው አንድ በአንድ እየፈለፈልኩ ሽንት ቤት እጨምራቸው ነበር፤ ባዶውን ማሸጊያ ለሐኪሙ ለማሳየት። ሐኪሙም ግፊቴ አለመውረዱን ሲያይ መጠኑን ጨመረልኝ። የማልወስደው መድኃኒት ነበር የተጨመረልኝ። አንድ ቀን ደንግጬ ሁሉንም እንደታዘዘው ብጀምረው ኖሮ ግፊቴ በአንዴ ከልክ በታች ሊወርድ ይችል እንደነበር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ከዚህ ያወጣችኝ አንዲት ነርስ ናት። «ይወስዳሉ ወይ?» አላለችኝም፤ «ስለ መድኃኒቱ የሚያሰጋዎት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ስለ ኩላሊቴ ስነግራት፣ ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ያልተገታ ግፊት መሆኑን፣ የኩላሊቴም ሁኔታ በደም ምርመራ እየታየ ሊሄድ እንደሚችል አስረዳችኝና መጠኑ እንዲስተካከል ወደ ሐኪሙ መለሰችኝ።

ተመራማሪው ሮብ ሆርንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት፣ 94 ጥናቶችን ባሰባሰበ ትንተና ያገኙት ከእኔ ታሪክ ጋር ይገጥማል፦ መድኃኒቱ ያስፈልገኛል ብሎ ያመነና ስጋቱ የቀነሰለት ሕመምተኛ ይበልጥ ይወስደዋል። እርግጥ በእውነት የሚረሳም አለ፤ እሱን የስልክ ማንቂያ ይረዳው ይሆናል፣ የሚፈራውን ግን ማንቂያ አይፈታለትም።

ስጋቱን ደግሞ አታናንቂበት። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ አንድ ሙከራ፣ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ጎዳን ብለው ያቋረጡ 60 ሰዎች አንዳንዱን ወር እውነተኛውን፣ አንዳንዱን ወር ፍቱን ነገር የሌለበትን ኪኒን ሲወስዱ፣ በመድኃኒቱ ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶ ያህሉ በባዶውም ኪኒን ተሰምቷቸዋል። ሰዎቹ አልዋሹም፤ ሕመሙ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ «የእርስዎ ሐሳብ ነው» ብለሽ የምትመልሺው ሰው ዳግመኛ የልቡን አይነግርሽም፤ እንደ እኔ በሩን ዘግቶ ይቆጥራል።

እባክሽ መድኃኒቱን ከማስረከብሽ በፊት ጠይቂ፤ መልሱንም ሳትቸኩዪ ስሚ፣ ወረፋው ቢረዝምም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጪ ማሸጊያውን አሳይሻለሁ። ዛሬ የቀሩት ዘጠኝ ኪኒኖች ናቸው፤ ቀጠሮዬም ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው።

አባትሽ