በልግን በአንድ ካርድ እንዳትቀብረው

ወንድምዓለም እንድሪስ፣

እንደምን ከረምክ? ዝምታዬን አትቁጠርብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስንገናኝ እንዳሻህ ትወርድብኛለህ። «ጉዳይ ሲኖረው ነው ትዝ የምለው» ማለትህም አይቀርም። አልዋሽህም፣ ጉዳይ አለኝ።

ከድሮ ጋዜጦች የምታወጣው የቃላት ማውጫ ነገር ነው። «በልግ»ን በአንድ ካርድ ጠቅልለህ ልታልፈው ነው አሉኝ። ወላሂ፣ ያገሬ ልጅ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብኩም!

ቃሉ በጋዜጠኛ እጅ አንዴ ዝናቡ ነው፣ አንዴ ወቅቱ፣ አንዴ ደግሞ እህሉ። «በልጉ ዘግይቷል» የሚለው በየካቲት ከታተመ ዝናቡን ነው፤ በሐምሌ ከታተመ አዝመራው አልደረሰም ማለት ነው። ስለዚህ ከትርጉሙ በፊት ወሩን ጻፍ። በኛ በወሎ ደጋ ጥር ላይ ይታረሳል፣ ዝናቡ ጠብ ሲል ይዘራል፣ ሰኔና ሐምሌ ይታጨዳል። የደላንታና የለጋምቦ ገብስ እንዲህ ሲደርስ ክረምቱ ይገባበታል። እናም «በልጉ ተበላሸ» የሚል የሐምሌ ወሬ ስታገኝ ቸኩለህ ድርቅ ብለህ እንዳትመዘግብ፤ በረዶ መትቶት ወይም ነዶው በዝናብ በስብሶ ሊሆን ይችላል።

የጸሐፊውንም ብዕር እይ። ከቤተ ክህነት የወጣ ሰው በልግን ከፀደይ ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ፀደይ የሚገባው ግን መጋቢት 26 ነው። የደጋው ገበሬ ያን ጊዜ ዘርቶ ጨርሶ ሰማይ ሰማይ ያያል። የአየር ጠባይ ተንባዮች ከየካቲት እስከ ግንቦት ይሉታል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ በአጨዳው ይቆጥራል፦ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ የታጨደው በልግ፣ ከመስከረም እስከ የካቲት የታጨደው መኸር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይቺ የመጨረሻዋ ናት። የቆላው፣ የቆቦ ማሽላ በሚያዝያ፣ በበልግ ዝናብ ነው የሚዘራ፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ስለዚህ መዝገብ ላይ መኸር ይባላል። በልግ ሲቀር ግን ያ ማሽላ መሬት ሳይነካ ይቀራል። ገበሬው ክረምቱን ጠብቆ ወደ ጤፍና ሽምብራ ይዞራል፤ እህል ቢያገኝ እንኳ አገዳውን አጣ፣ አገዳው ደግሞ የከብቱ መኖና የቤቱ ማገዶ ነው። በሬውም የበልግ ሣር ሳይቀምስ ከስቶ ስለሚከርም የክረምቱ እርሻ ይጓተታል። እንግዲህ ጋዜጣው «በልግ ከአገሪቱ ምርት ጥቂቱ ነው» ሲል በቁጥር አልዋሸም፤ ለወሎ ግን ከዋሸ አይሻልም። ካርድህ ላይ «ጉዳት፦ ገብስ» ብቻ ካልክ ቆላውን በሙሉ ጣልከው። «በልግ አብቃይ» የሚለውን ሐረግ ባየህ ቁጥርም የወረዳውን ስም አብረህ አውጣ፤ ያለ ወረዳ ባዶ ነው።

ዓመተ ምሕረቱንም ተጠንቀቅ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልስ ለኅዳር አጨዳ 7 ትጨምራለህ፣ ለበልግ 8። የ1965 በልግ 1973 እንጂ 1972 አይደለም። በዚች በአንድ ዓመት ስሕተት ስንቱ ሰው የዚያን ዘመን የወሎ ረሃብ ምክንያትና ውጤት አገለባብጦታል መሰለህ።

አሁን ልመናዬ… እንዴት ብዬ እንደምልህ አላውቅም፣ ሥራ መደረቤ ነውና። የ1965ን የአዲስ ዘመን ጥራዝ ከጥር እስከ ሐምሌ እንደገና አገላብጥልኝ። በዚያ ዓመት የወሎ በልግ ቀርቶ ሳለ የጋዜጣው አፍ በሳንሱር ተይዞ ነበር። ስለዚህ ቃሉ የታተመበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የጠፋበትንም ሳምንት መዝግብልኝ፤ «የለም» ብለህ ጻፍ እንጂ መስመሩን ባዶ አትተው። ባዶ መስመር ያልታየ ገጽ ይመስላል።

ሌላም የምነግርህ ነበር፣ ግን… ይቅር፣ በአካል ይሻላል። አብሽር፣ ክፉ አይደለም።

እና እባክህ በእርሳስ ጻፍ። እስካሁን የጻፍካቸው በእስክሪብቶ ከሆኑ እንዳትነግረኝ።

ያው የደሴው