ሲያምሽ ተናገሪ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 18 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። የደብዳቤ ወጉ ይህ ነው፤ አባቴ ለእኔ፣ እኔም ለአባቴ እንዲህ ስንባባል ኖረናል። ዛሬ ግን ደህና አይደለንም። እናትሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል በአግባቡ አልቀመሰችም፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን እንኳ የዋጠችው እኔ አጠገቧ ቆሜ ነው። እኔም ሌሊቱን ስገላበጥ አነጋሁት። ይህን የምነግርሽ እንድትጨነቂ አይደለም። እውነቱን መናገር በቤታችን አንድ ሰው መጀመር ስላለበት እኔ ልጀምረው ብዬ ነው።

መምህራችሁ ደውለው ነገሩን ሁሉ አጫወቱኝ። ቶኪዮ ውስጥ ሺንጁኩ በሚባለው ባቡር ጣቢያ ላይ ከጓደኞችሽ ተለይተሽ፣ አራት ሰዓት ሙሉ በዝናብ ብቻሽን ስትዞሪ ቆይተሽ፣ ትኩሳት ይዞሽ ሆቴል መግባትሽን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። አንቺ በዚያው ምሽት ለእናትሽ የላክሽላት «ሁሉ ሰላም ነው፣ የቼሪውን አበባ አየን» የሚል ነበር። አሳኩሳ በሚባለው ሰፈር በጠዋት የተነሳሽውንም ፎቶግራፍ አብረሽ ላክሽ፤ ያ ትልቅ ቀይ ፋኖስ ከተንጠለጠለበት በር ሥር ቆመሽ ትስቂያለሽ። እናትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየችው። እኔ አሁን መልሼ ሳየው አፍሽ ነው እንጂ የሚስቀው ዐይንሽ የታመመ ሰው ዐይን ነው። ያን ዕለት ጠዋትም አሞሽ ነበር ማለት ነው።

ተቆጥቻለሁ። መጥፋትሽ አይደለም ያስቆጣኝ። ሺንጁኩ በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚመላለስበት፣ ከ200 በላይ መውጫ ያለው ጣቢያ ነው፤ እዚያው ከተማ ተወልዶ ያደገ ሰውም ይጠፋበታል። ያስቆጣኝ ኮባን በሚሉት ትንሽ የፖሊስ ቤት ደጃፍ ሁለት ጊዜ ማለፍሽ ነው። ቀዩን መብራት አይተሻል፤ ፖሊሱም ውስጥ ተቀምጦ ነበር። መንገድ የጠፋበትን ሰው ማሳየት እኮ ዋና ሥራው ነው፤ ካርታው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ለዚያ ነው። አንቺ ግን «ሰው ማስቸገር አልፈለግሁም» አልሽ አሉ።

ልጄ፣ ሲጠፋብሽ ጠይቂ። ሲያምሽ ተናገሪ።

በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍሽልንን አስታውሺ። የስድስት ዓመት ልጆች ቢጫ ቆብ አድርገው ብቻቸውን በባቡር ትምህርት ቤት ሲሄዱ አይተሽ ተደንቀሽ ነበር። እኔም ተደንቄ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ነገር ግን ከዚያ መልእክት መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጽፈሽ ነበር፤ በቦርሳቸው ማንገቻ ላይ ሲጎትቱት የሚጮህ ትንሽ ማንቂያ ተንጠልጥሎ አየሁ ብለሽ ነበር። በባቡር ውስጥ ስልክ ማነጋገር ነውር በሆነበት አገር፣ ለሕፃን ልጅ የመጮኺያ ዕቃ በእጁ ይሰጡታል። ዝም ማለቱንም መጮኹንም ያስተምሩታል። እኔ ያስተማርኩሽ የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ፤ ሦስት ቀን ሳመላልሰው የሰነበትኩት ጉዳይ ነው።

አስር ዓመትሽ ነበር። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ የስምንት መቶ ሜትር ውድድር ነበር፤ እኔ የስፖርት መምህሩ ሰዓት ይዤ መጨረሻው መስመር ላይ ቆሜያለሁ። ሁለተኛው ዙር መታጠፊያ ላይ ወደቅሽ። ተነስተሽ ሮጠሽ ጨረስሽ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተሽ «አባዬ፣ እጄን» አልሽኝ። እኔ ሰዓቱን እያየሁ ነበር። ቀና ሳልል «ቻዪው» አልኩሽ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ቻልሽው። በማግሥቱ፣ በማግሥቱም ምሳ ላይ እናትሽ «በግራ እጅ አይበላም፣ ምን ነካሽ?» ብላ ተቆጣችሽ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ በቀኝ እጅሽ እንጀራውን ለመቁረስ ሞከርሽ፤ ጣቶችሽ እምቢ አሉ። እናትሽ እጅጌሽን ሰበሰበችው። አንጓሽ እንደ ዳቦ አብጦ፣ ቆዳው አብረቅርቆ ነበር። ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ «ተሰብሯል፣ ይህን ሁለት ቀን እንዴት ቻለችው?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። አምስት ሳምንት በጄሶ ታስረሽ ከረምሽ። ጓደኞችሽ ጄሶው ላይ ስማቸውን ሲጽፉበት አንቺ እንደ ጀግና ተቆጠርሽ፤ እኔም አፈርኩ አላልኩም፤ «ጠንካራ ልጅ» እያልኩ አብሬ አሞገስኩሽ። እሱን ነው ይቅር የማልለው። የእጅሽን ስብራት ሐኪሙ ጠገነው፤ የእኔ ሙገሳ ግን ዝምታን ጀግንነት አደረገብሽ።

የዛሬ ዓመት የጃፓንኛ ትምህርት ስትጀምሪ «አባዬ፣ እነሱም ጋ እንዳንተ አንድ ቃል አለ፤ ጋማን ይባላል፤ ቻል ማለት ነው» ብለሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ዛሬ ያ ቃል ያስፈራኛል።

ወደ ብሔራዊ ስታዲየሙ እንደምትሄዱ መምህራችሁ ነግረውኛል። የአበበን ታሪክ ከእኔ ስትሰሚ ነው ያደግሽው፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን፣ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ መግባቱን፣ ሲጨርስም ሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ማፍታታቱን። ትንሽ ሆነሽ አልጋ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ እግርሽን ወደ ላይ እየወረወርሽ «እኔ አበበ ነኝ» ስትዪ ዛሬም ይታየኛል። እሱ የሮጠበት ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አዲስ ተሠርቷል፤ የእኛው ሰለሞን ባረጋ በ2013 ዓ.ም. የአስር ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘው እዚያ አዲሱ ላይ ነው።

የታሪኩን ግማሽ ግን አልነገርኩሽም። ከአበበ አራት ደቂቃ ያህል በኋላ ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየሙ የገባው ኮኪቺ ጹቡራያ የሚባል የፉኩሺማ ልጅ፣ ወታደር ነበር። የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ቆሞ እያየው፣ የመጨረሻው ዙር ላይ እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ አልፎት ሦስተኛ ወጣ። ለሚቀጥለው ኦሎምፒክ የተሻለ አደርጋለሁ አለ። ጉዳት ላይ ጉዳት ደረሰበት፣ ወገቡን ታመመ፣ ቀዶ ሕክምና አደረገ። የሚያውቁት ሁሉ ጸጥተኛ፣ ትሑት፣ ታዛዥ ይሉት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1968 በ27 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ለአባትና ለእናቱ ደብዳቤ ትቶ ነበር። ለአዲስ ዓመት ቤት ሄዶ የበላውን እየጠራ፣ የደረቀው ፍሬ ጣፋጭ ነበር፣ የሩዙ ቂጣ ጣፋጭ ነበር እያለ ያመሰግናቸዋል፤ ከዚያ በጣም ስለደከመኝ ከእንግዲህ መሮጥ አልችልም ይላቸዋል። በእናንተ ዘንድ መኖር እፈልግ ነበርም ብሏል።

ይህን ታሪክ ከሃያ ዓመት በፊት አንብቤው ነበር። ለተማሪዎቼ አንድም ቀን ተናግሬው አላውቅም፤ የአበበን ብቻ ነበር የምናገረው። እነዚያ ወላጆች ምግቡ ጣፋጭ እንደነበር የሰሙት መልስ መስጠት በማይችሉበት ቀን ነው። ሌሊት ሲያገላብጠኝ ያደረው ይህ ነው። አንቺን ከእሱ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ጉንፋንና ዝናብ ነው የያዘሽ፣ አውቃለሁ። ግን «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃልሽን ከአሁን በኋላ እንደ ድሮው ማመን አቃተኝ።

እባክሽ ልጄ፣ ሲያምሽ ተናገሪ። ሲደክምሽም ተናገሪ።

እናትሽ እዚህ አጠገቤ ሆና የምትለውን ልጻፍ፤ አለበለዚያ ብዕሩን ልትቀማኝ ነው። ጋቢውን በትኩሳትሽ ላይ ደርቢ፤ ያሳፍረኛል ብለሽ ሻንጣ ውስጥ እንዳትተዪው። ዝንጅብል በሙቅ ውኃ ጠጪ። በየደጃፉ ጫማ ስለምታወልቂ የተቀደደ ካልሲ እንዳታደርጊ። ቋንጣውን ከሻንጣሽ ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ዛሬ ነገርኳት፤ ሥጋ ወደ ጃፓን ማስገባት ክልክል ስለሆነ ነው። ተቀየመችኝ። ሽሮውንና ቆሎውን አልነካሁም፤ እሱን ብዪ።

ስለ ጾሙ ንስሐ አባትሽን ጠይቄአለሁ። የታመመ ሰውና መንገደኛ በአቅሙ ነው፣ እስክትድን አትጨነቅ ብለዋል። ሲሻልሽ ልትቀጥዪ ከፈለግሽ ግን ነገሩን እወቂ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በደረቀ ዓሣ መረቅ ነው። ኪዮቶ ስትደርሱ በቡድሃ መነኮሳት ሥርዓት የሚዘጋጅ፣ ሥጋም ዓሣም የማይገባበት ሾጂን ሪዮሪ የሚሉት ምግብ አለ። ቶፉም አኩሪ አተር ነው። ይህንንም ቢሆን ሳትጠይቂ አትብዪ። «ዓሣ አለበት ወይ?» ማለት ማስቸገር አይደለም።

ሌላ። ሳልሽ ከያዘሽ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጊ፣ በየሱቁ ይሸጣል። የሩዙ ሳህን ላይ ቾፕስቲኩን አትትከዪ፤ ለሙታን የሚደረግ ነው። ቶኪዮ ላይ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ በግራ በኩል ቁሚ፣ ኦሳካ ስትደርሱ ደግሞ በቀኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትመራመሪ፣ ከፊትሽ ያለውን ሰው አይተሽ ቁሚ። አምቡላንስ 119፣ ፖሊስ 110 ነው። ሁለቱንም ቁጥሮች በወረቀት ጽፈሽ፣ የሆቴሉንም ስም በጃፓንኛ አስጽፈሽ፣ ኪስሽ ውስጥ ያዢው፤ ስልክ ባትሪው ሲያልቅ ወረቀት አያልቅም። ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከመምህራችሁ ጋር ሆነሽ ሄደሽ ሰላም በያቸው፤ የአገርሽን ቋንቋ ከሰው አፍ ስትሰሚ ትኩሳቱም ይቀልሻል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ሊያዩ ሲሄዱ በመርከብ ነበር የተጓዙት፤ ደብዳቤ ከዚያ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቢ። አንቺ ጋ ግን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአንድ ቀን ይደረሳል። ድምፅሽም በአንድ ደቂቃ ይደርሰኛል። በዚህ ዘመን ከመምህራችሁ አፍ መስማቴ ነው የሚቆረቁረኝ።

ጉዞው ቀርቶ ተመለሺ የምል እንዳይመስልሽ። ቡድናችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣ ነው፤ ዓመት ሙሉ ቆጥባችሁ፣ ደጅ ጠንታችሁ ነው የሄዳችሁት። ዩኤኖ መናፈሻ ውስጥ አበባው ሥር ምንጣፍ አንጥፈው የሚበሉትን ቤተሰቦች እይ። ባቡሩ ውስጥ ቆሞ የሚያንቀላፋውን ሠራተኛም እይ፤ እሱንም ጻፊልን፤ ከተማ ማለት ፋኖሱ ብቻ አይደለም። ስታዲየሙ ዘንድ ስትደርሺ ስለ አበበ ደስ ይበልሽ። ከዚያ ትንሽ ቆመሽ ስለዚያ ስለ ሦስተኛውም አንድ ጊዜ ዝም በይ። በሕይወትሽ ዝም እንድትዪ የምፈቅድልሽ እዚያ ብቻ ነው።

ሲጠፋብሽ ጠይቂ፣ ሲያምሽ ተናገሪ። ሰለቸሽ? ይሰልችሽ።

እኔም ልናገር። ጉልበቴን ከጥር ጀምሮ ያመኛል። ከሜዳ ስመለስ እናትሽ እንዳታይ አጥሩን ይዤ ነው ደረጃውን የምወጣው። ሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፤ የሚሉኝን ሳልሸራርፍ እጽፍልሻለሁ።

አሁን መምህራችሁ የሰጡሽን የሙቀት መለኪያ አውጪና ለኪ። «ደህና ነኝ» ብለሽ አትጻፊልኝ፤ ቁጥሩን ጻፊልኝ። ጠዋትና ማታ። እኛ ጋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እናንተ ጋ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ፤ እንቅልፋቸውን እረብሻለሁ ብለሽ ሰዓት አትቁጠሪ። ስልኩ ከራስጌዬ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።

አባትሽ