ቀሚሴን አላስተካክልም ላለችኝ ልብስ ሰፊዬ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ሰዎች። ይህን የምጽፈው ሱቄ ውስጥ፣ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ ነው። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ፣ ቡና እሸጣለሁ፤ ጥሬውንም የተቆላውንም። ሱቁ ዓመቱን ሙሉ አልተዘጋም፤ እኔ ግን አልነበርኩም። የት እንደከረምኩ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ። ሌሎቻችሁ በሹክሹክታ ሰምታችኋል። ሹክሹክታው እንዲበቃው እኔው ልናገር፦ የጡት ካንሰር ይዞኝ ነው።

ምስጋናዬን የምጀምረው ከልብስ ሰፊዬ ነው። ሐኪሙ ይቀድማል የሚል ካለ ይታገሰኝ። እሷ ባትኖር ሐኪሙ ጋ አልደርስም ነበር።

ጥር 2017 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ልትዳር ሆነና የሐበሻ ቀሚስ አሰፋሁ። ልሞክረው ስሄድ በግራ በኩል ደረቱ ላይ ይሸበሸባል። በቀኙ ልክክ ብሏል። "አበላሽተሽዋል፣ ይሄን አጥብቢው" አልኳት። መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ዝም ብላ አየችኝ። ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና ከትከሻዬ ቁልቁል ለካች፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ደግማ ለካች። ከዚያ መርፌዎቹን ከአፏ እያወጣች አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰካቻቸው። "እህቴ፣ የግራው ጡትሽ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ ተሰብስቧል። የድሮ ልክሽ ደብተሬ ላይ አለ፣ እንዲህ አልነበርሽም። ሐኪም ሳያይሽ ይሄን ቀሚስ አላስተካክልም" አለችኝ።

ተቆጣሁ። ቀብዴን መልሺልኝ ሁሉ አልኳት። ቀብዱንም አልመለሰች፣ ቀሚሱንም አልሰጠችኝ።

ለምን እንደተቆጣሁ ታውቃላችሁ? ውስጤ ስለሚያውቀው ነው።

እብጠቷን ያገኘኋት ጥቅምት 2016 ላይ ነበር፣ ገላዬን ስታጠብ። የእሸት ቡና ታህላለች። ደረቅ ናት፤ በጣቴ ስገፋት ንቅንቅ አትልም። አታምም። ያታለለኝ ይሄ አለማመሟ ነው። እኛ ጋ በሽታ የሚባለው የሚያም ነገር ነው፤ ያላመመ ነገር ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ገንዘብ የተረፈው ይመስላል። ቢሆንም ኅዳር ላይ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። ከልብሴ ላይ ጫን ጫን ተደረገና "ስብ ነው፣ ካላመመሽ ተይው" ተባልኩ። አልትራሳውንድ የለ፣ በመርፌ ናሙና መውሰድ የለ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። መስማት የምፈልገውን ነበራ የነገሩኝ!

ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ ምልክት ሲሰጥ፣ እኔ ሰበብ ስፈልግ ከረምን። የጡቴ ጫፍ ወደ ውስጥ ገባ፤ ዕድሜ ነው አልኩ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ተበሳሳ፤ የጡት መያዣው ነው አልኩ። ብብቴ ውስጥ ሌላ ትንሽ እብጠት ወጣ፤ ምላጭ ነው አልኩ። ሥራዬን አስቡት እንግዲህ። ሰፌድ ሙሉ ቡና ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከደንበኛ ጋር እየተጨዋወትኩ፣ ሳላይ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ለቅሜ የማወጣ ሴት ነኝ። በነዚሁ ጣቶች የነካሁትን ነገር 15 ወር ሙሉ ተሸክሜው ዞርኩ።

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያየኝን ወጣት ሐኪም እግዚአብሔር ያክብረው። ወንድ ነው፤ አፍሬ ልብሴን ማውለቅ አቃተኝ። ፊቱን አዙሮ "እናቴ፣ ሲመችዎት ይንገሩኝ" ብሎ ጠበቀኝ። በአልትራሳውንድ ታየሁ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ 5.5 ሴንቲ ሜትር ደርሷል፣ ወደ ብብቴ ዕጢዎችም ተሻግሯል። ከአራቱ የካንሰር ደረጃዎች ደረጃ ሦስት።

"መቼ ነው የጀመረኝ?" አልኩት። ወረቀት አወጣ። አንድ ሴል ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ ጻፈልኝ። እንዲህ 30 ጊዜ ገደማ ከተባዛ በኋላ ነው አሉ 1 ሴንቲ ሜትር የሚሞላው፤ ያኔ ቁጥሩ አንድ ቢሊዮን ይጠጋል። አንዱ እጥፍ ብቻ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እጄ ሲያገኘው ዓመታት አብሮኝ ኖሯል። "ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ከቆየ የኔ 15 ወር ምን ይጎዳል?" ብዬ ተከራከርኩ። ወረቀቱን ወደኔ አዞረው። መጨረሻ ላይ አንድ እጥፍ ማለት ሌላ ቢሊዮን፣ ቀጥሎ ሁለት ቢሊዮን፣ ቀጥሎ አራት ቢሊዮን መሆኑን አሳየኝ። ነጋዴ ነኝ፤ ሒሳቡ ገባኝ።

ኬሞ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን የካንሰር መድኃኒት፣ ስምንት ዙር ወሰድኩ፣ በየ21 ቀኑ። የመጀመሪያዎቹን አራቱን "ቀዩ" እንላቸዋለን፤ ሽንት ሳይቀር ያቀላል። ሳይነግሩኝ ቢሆን ደም መስሎኝ በድንጋጤ እሞት ነበር። የነገረችኝ ነርስ፣ ደም ሥሬ ሲጠፋባት እጄን በሙቅ ውሃ እየነከረች የምትፈልግልኝ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ። ጸጉሬ በሁለት ሳምንቱ ትራሱ ላይ መቅረት ሲጀምር ልጄ ላጨችኝ። ከዚያ ቀዶ ሕክምና። የግራው ጡቴ የለም። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም።

ባለቤቴ ባጃጅ ነጂ ነው። በኬሞ ቀን ሥራ አቁሞ ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ ይወስደኛል። በየጉድጓዱ "ይቅርታ" ይለኛል፤ የጅማን መንገድ የሚያውቅ ስንት ጊዜ እንዳለኝ ይገምት። ጓደኞቹ የሦስት ቀን ገቢ ሰብስበው ሰጡን። የእቁብ ሴቶች ዕጣዬን ሳይደርሰኝ ለቀቁልኝ። ጎረቤቴ ሐጂ ሱቄን በየጠዋቱ እየከፈቱ፣ የሸጡትን በደብተር እየጻፉ አቆዩኝ፤ አንድ ብር አልጎደለም። በየሶላታቸው ዱዓ አድርገውልኛል። የነፍስ አባቴም ባለውለታዬ ናቸው። ኬሞውን ትቼ ጸበል ልግባ ስላቸው "ማን ተይው አለሽ? ጸበሉንም ጠጪ፣ ቀጠሮሽንም እንዳትረሺ" አሉኝ።

ገና ክትትል አለኝ። የምውጠው ክኒንም ዓመታት ይቆያል ብለውኛል። ሱቄ ግን ተመልሻለሁ፤ ኑና ቡና እንጠጣ። እብጠት አግኝታ ለማን እንደምትነግር የጨነቃት ካለች ወደ ጓዳ ትዝለቅ፤ አብሬያት እሄዳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዬ ጋ ሄድኩ። ቀሚሱ እዚያው ተሰቅሏል፣ በላስቲክ ተሸፍኖ። ሰርጉ ካለፈ ቆየ። እንደ አዲስ ለካችኝ፤ ግራው ላይ ስትደርስ እጇ ትንሽ ዘገየ። ደብተሯ ላይ ከድሮው ልኬ ሥር አዲሱን ጻፈችና "በሳምንቱ ነይ" አለችኝ። ቀሪውን ሒሳብ አልቀበል አለች። ሁለት ኪሎ ቡና ይዤላት ነበር፤ እሱን ተቀበለች።