ሁለቱም ክንድ ይለካ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የደም ግፊት በሁለቱም ክንድ እንዲለካና የደም ሥር ብግነት መድኃኒቶች እንዳይቋረጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

የደም ሥር ብግነት ያለባቸውን ታካሚዎች የምንከታተል ሐኪሞችና ነርሶች ነን። ዋናው ጥያቄያችን አዲስ ማሽን አይጠይቅም። አንዲት ወጣት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ጣቢያ ስትመጣ ግፊቷ በቀኝም በግራም ክንዷ ይለካ፣ ሁለቱም ቁጥር ካርዷ ላይ ይጻፍ ነው የምንለው። ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እናስረዳለን፤ የሚለካው ባለሙያ ለምን እንደሚለካ ካልገባው መመሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ታካያሱ የሚባል ሕመም አለ። ስሙን ያገኘው በ1908 እ.ኤ.አ. በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ እንግዳ የሆነ የደም ሥር ትስስር ማየቱን ካሳወቀው ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም ነው። የሙያ ባልደረቦቹም ተመሳሳይ ዓይን ያላቸው ሕሙማን የእጅ አንጓቸው ላይ ትርታ እንደማይገኝ ተናገሩ። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ አኦርታንና ቅርንጫፎቹን፣ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ40 ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ነው። የደም ቅዳው ግድግዳ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ ይሳሳና እንደ ፊኛ ይነፋል። ወደ ክንድ የሚሄደው ሲጠብ ትርታ ይጠፋል። ወደ አንጎል የሚሄደው ሲጠብ ማዞርና ራስን መሳት፣ ባስ ሲል በወጣትነት ስትሮክ ይከተላል። ወደ ኩላሊት የሚሄደው ሲጠብ ኩላሊቱ ደም ያነሰው ይመስለዋል፤ የመላ ሰውነቱን ግፊት ሽቅብ ይገፋዋል። አኦርታ ከመነሻው ሲሰፋ ደግሞ የልብ በር መግጠም ያቅተዋል፤ ልብም እየደከመ ይሄዳል።

ትልቁ አደጋ የክንድና የኩላሊት ደም ቅዳ አብረው ሲጠቡ ነው። እንዲህ የሆነባት ሴት እውነተኛ ግፊት 200 ደርሶ ሳለ የጠበበው ክንድ ላይ 90 ሊነበብ ይችላል። መለኪያው አልዋሸም፤ የነገረን የዚያን ክንድ ግፊት እንጂ ልቧና አንጎሏ የተሸከሙትን አይደለም። ያዞረኛል ብላ የመጣች ሴት ካርዷ ላይ 90 ከተጻፈ «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል፣ ጨው ጨምሪ» ትባላለች። ጨውም ከፍ ያለውን ግፊት ይብስ ያባብሰዋል። አውቶማቲክ መለኪያው ስህተት ሲያሳይም ባትሪ መቀየር ይቀድማል፤ ጣት አንጓዋ ላይ አሳርፎ ትርታ መፈለግ ግን ይዘነጋል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ጉዳቱ ለሁለት ነው፦ የእርግዝና ግፊት የሚታወቀው በዚያው መለኪያ ነውና የሐሰት 90 እናትንም ጽንስንም ያጋልጣል። ለዚህ ነው ሥራው ከመጀመሪያው የነፍሰ ጡር ክትትል ይጀመር የምንለው።

አለካኩ ቀላል ነው። ታካሚዋ 5 ደቂቃ ትቀመጥ፣ ክንዷ በልብ ትይዩ ይደገፍ፣ መጠቅለያው ለክንዷ ውፍረት የሚመጥን ይሁን። በሁለቱ ክንዶች የላይኛው ቁጥር መካከል 20 እና ከዚያ በላይ ልዩነት ከተገኘ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከጸና ለወደፊቱ ክትትልም ሆነ ለመድኃኒት ውሳኔ የሚያዘው ከፍተኛው ነው፤ ከፍ ያለው የቀኙ ከሆነ ለምሳሌ «በቀኝ ክንድ ብቻ ይለካ» ተብሎም በጉልህ ካርዱ ላይ ይጻፍ። ሁለቱም ክንድ ትርታ ከሌለው በእግር ይለካል፦ ታካሚዋ ተኝታ፣ ለጭን በሚሆን ሰፊ መጠቅለያ፣ ከጉልበት ጀርባ እየተደመጠ። የክንዱን ጠባብ መጠቅለያ ጭን ላይ ማሰር ቁጥሩን ከእውነቱ በላይ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አንድ የጭን መጠቅለያ ይመደብ። የሆድ አኦርታም ከጠበበ እግርም አይታመንም፤ ያኔ የዓይን ውስጥ ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ የግፊቱን ጉዳት ያሳያሉ።

ከመለካት በፊት ደግሞ መጠየቅ አለ። ሹሩባ ስትሠራ፣ ልብስ ስታሰጣ፣ ቡና ስትወቅጥ ክንዷ ይዝልና ስታሳርፈው ይተዋታል? ወራት የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የሌሊት ላብ አለ? የኋለኞቹ ሳንባ ነቀርሳ ስለሚመስሉ እሱ ሲመረመር ትርታዋም ይዳሰስ። ከአንገትጌ አጥንት በላይና በአንገት ግራና ቀኝ ማዳመጫ ሲደረግ የሚሰማ ሹሹታ የጠበበ ደም ሥር ምልክት ነው። ብግነትን የሚያመለክተው የደም ምርመራ፣ ኢ ኤስ አር፣ ጤነኛ ሆነ ተብሎ ታካሚዋ አትመለስ፤ ደሙ ጸጥ ብሎ ግድግዳው ሊቃጠል ይችላል። ዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን የሚያሳይ አልትራሳውንድ፣ ያለው ሆስፒታል ትላክ።

ስለ መድኃኒቱ። ሕመሙ ንቁ ሲሆን ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት) በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ይህ በባለ 5 ሚሊግራሙ ከ8 እስከ 12 ፍሬ ነው። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ወደ 15–20 ሚሊግራም፣ በዓመቱ ወደ 10 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከክምችት አለቀ ተብሎ በድንገት ከተቋረጠ የታካሚዋ የራሷ እጢ ሥራውን አቁሞ ስለከረመ ግፊቷ ወድቆ ልትሞት ትችላለች። በጾምም በጸበልም ወቅት ይህን አስቀድሞ ማስረዳት፣ ከተቻለም የንስሐ አባቷን ማነጋገር ይገባል። ወተት በማይቀመስባቸው ወራት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ የግድ ያስፈልጋታል። ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ሳንባ ነቀርሳ ይመርመር፤ የስትሮንጂሎይድስ ትልም ይታሰብ፣ በስቴሮይድ ሥር ሆኖ መላ ሰውነት ሊወርር ይችላልና። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ሪፋምፒሲንን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ የፕሬድኒሶሎኑን ጉልበት በእጅጉ ስለሚቀንስ መጠኑ እንደገና ይታይ።

የሰውነት መከላከያን የሚያረጋጋው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፦ 15 ሚሊግራም ማለት በባለ 2.5ቱ 6 ፍሬ። በየቀኑ ከተወሰደ መቅኔን ያደርቃል፣ ይገድላል። ፋርማሲው ከረጢቱ ላይ «ሰኞ ብቻ» እያለ ቀኑን በስሙ ይጻፍ፤ ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይሰጥ። ጽንስን ይጎዳልና እርግዝና ሲታሰብ አስቀድሞ በተመሳሳይ ሥራ ባለው አዛቲዮፕሪን ይተካ።

ኢናላፕሪል በየጤና ጣቢያው ያለ ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው። ሁለቱም የኩላሊት ደም ቅዳዎች በጠበቡበት ሰው ግን ኩላሊቱን በቀናት ሊያቆመው ይችላል። ወጣት ሴት ከጀመረች የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይደገም፤ ከመነሻው ከ30 በመቶ በላይ ካሻቀበ መድኃኒቱ ይቁምና የኩላሊት ደም ሥሯ ይታይ። የጠበበውን ማስፋትም ሆነ ቀዶ ሕክምና፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር፣ ብግነቱ እስኪበርድ ይጠብቅ። በተቆጣ ግድግዳ ላይ የተሠራ መልሶ ይዘጋል።

ስለዚህ ከሚኒስቴሩ የምንጠብቀው ይህ ነው። የነፍሰ ጡርና የተመላላሽ ካርድ ሲታተም ለግፊት «ቀኝ» እና «ግራ» የሚሉ ሁለት ክፍት ቦታዎች ይኑሩት። የ20 ልዩነት ወይም የጠፋ ትርታ የሪፈር ምክንያት ሆኖ በመመሪያ ይጻፍ። ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት፣ ፎሊክ አሲድና አዛቲዮፕሪን በሪፈራል ሆስፒታሎች ቢያንስ የ3 ወር መጠባበቂያ ይያዝላቸው። የካርዱ እርማት በሚቀጥለው ኅትመት ሊገባ ይችላል፤ እስከዚያው ሁለተኛውን ቁጥር በእስክሪብቶ ጎን ላይ መጻፍ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የደም ሥር ብግነት ታካሚዎችን የምንከታተል ሐኪሞችና ነርሶች