ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ፦ እምቢታም ቢሆን በጽሑፍ ይሰጠን

ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለዘጋቢ ፊልም ሥራ የሚቀርቡ የመረጃ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ዋና እንባ ጠባቂ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ 11 ዓመት በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ስሠራ ቆይቼ፣ እጽፍበት የነበረው ሳምንታዊ ጋዜጣ የማተሚያ ቤት ዋጋ አልቻል ብሎት ሲዘጋ፣ ከአንድ ፎቶ አንሺ ወዳጄ ያገለገለ ካኖን ካሜራ በዱቤ ገዝቼ ወደ ዘጋቢ ፊልም የገባሁ ሰው ነኝ። ቡድን የሚባል ነገር የለኝም። ካሜራውን የምይዘው፣ ጥያቄውን የምጠይቀው፣ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነሥቼ የምቆርጠውና የምቀጥለው እኔው ነኝ፤ ድምፅ የሚቀዳልኝ የእህቴ ልጅ ነው፣ እሱም ፈተና ከሌለበት። እስከ ዛሬ ሦስት ፊልሞች ሠርቻለሁ። ሦስቱም ስለ ፖለቲካችን የሚያወሩ ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረውም አንድ ደህና የሰርግ ቪዲዮ የሚያስወጣውን ያህል ገንዘብ አልፈጁም። በትንሽ ገንዘብ መሥራት የራሱ ነፃነት ስላለው በዚህ አላማርርም፤ ስፖንሰር የሌለውን ሰው ስፖንሰር አይቆጣውም። አቤቱታዬ ገንዘብ ቢኖረኝም ስለማይፈታልኝ ነገር ነው።

ጋዜጠኛ ሳለሁ አንድ ጉዳይ ሲጠብብኝ «ምንጮች እንደገለጹት» ብዬ አልፍ ነበር። ወደ ፊልም ስሻገር ያ በር ተዘጋብኝ፤ «ምንጮች እንደገለጹት» የሚባል ምስል የለም። የሆነውን ነገር ወይ ማሳየት አለብኝ፣ ወይ ያየውን ሰው ማናገር አለብኝ፣ ወይ ሰነዱን ስክሪኑ ላይ ማውጣት አለብኝ። በዚያ ላይ በአገራችን «ዶክመንተሪ ተሠራበት» ማለት «ሊታሰር ነው» ከማለት የማይለይበት ዘመን ስለነበረ፣ ገና የካሜራዬን እግር ስዘረጋ ሰው ይሸሸኛል። ይህን ጥርጣሬ የምሽረው ማስረጃዬን ዘርግቼ በማሳየት ብቻ ነው። ማስረጃ ያጣ የፖለቲካ ፊልም ምን እንደሚመስል ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ዋሽንት፣ በድሮን የተነሣ ከተማ፣ ድምፁ የሚያስገመግም ተራኪ።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ ስለ እድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ከታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ጀምሮ 60,000 ገደማ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል ሊያስቆጥሩ የወጡት ወጣቶች ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ፣ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ ገበሬ ማኅበር የሚያደራጁ፣ ከባለርስቱ ጋር የሚጋፈጡ፣ ሲብስም ከራሱ ከደርግ ጋር የሚጋጩ ሆኑ። በዚያን ጊዜ 18 ዓመት የነበረው ዛሬ ሰባን ሊደፍን ነው። ካነጋገርኳቸው አንዱ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ ትልቅ ካሜራ በትከሻው የተሸከመ ሰው በአጠገባቸው እያለፈ፣ እናታቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሲያለቅሱ እንደቀረጸ ያስታውሳሉ። እናታቸው ሲያርፉ እሳቸው እስር ቤት ነበሩ፤ የእናታቸው ፎቶግራፍም የላቸውም። «ያ ፊልም ካለ እሷም እዚያ ውስጥ አለች» አሉኝ። በየፋሲካው እንኳን አደረሰህ ለማለት ሲደውሉ «ተገኘ ወይ?» ሳይሉኝ አይዘጉም።

ፊልሙ ሊገኝበት ወደሚችል አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን እዚህ አልጠራም፤ ሌላውም ቤት ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትምና። መዝገብ ቤት የተቀበለችኝ ሠራተኛ ማመልከቻዬን ከማንበቧ በፊት የወረቀቱን ራስጌ አየች፤ አርማ ስታጣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ከየት መሥሪያ ቤት ነው የመጡት?»

«ከራሴ።»

«እሺ፣ የድጋፍ ደብዳቤስ?»

በጋዜጣው ዘመን የድጋፍ ደብዳቤ ለማጻፍ ኮሪደር መሻገር ይበቃኝ ነበር። አሁን ግን የሚደግፈኝ ማነው? የጠየቅሁት ማኅበር በቅድሚያ የሙያ ፈቃድ አምጣ አለኝ፤ ፈቃዱ ንግድ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ንግድ ፈቃዱ የቢሮ ኪራይ ውል ይጠይቃል፤ ቢሮዬ ደግሞ አልጋዬ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ ናት። በሦስተኛው ምልልሴ ሌላ ሠራተኛ ስላገኘሁ ማመልከቻዬ ገቢ ሆነ፤ ቁጥሩንም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ያለፉትን 14 ወራት በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም፤ «ለሕግ ክፍል ተመርቷል»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ሰኞ ብቅ ይበሉ» የሚሉትን እርስዎም ከባለጉዳዮችዎ በየቀኑ ይሰማሉ። ላሰምርበት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በእነዚህ 14 ወራት ውስጥ አንድም ሰው እምቢ አላለኝም።

እምቢ ቢሉኝ ኖሮ መንገዱን ሕጉ ያሳየኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ በጽሑፍና በሕትመት ሳይወሰን ሥነ ጥበብንም በስም ጠርቶ ነው። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመልስ፣ ከከለከለም ምክንያቱን እንዲገልጽ፣ ቅር ያለው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለእርስዎ ተቋም አቤት እንዲል ደረጃ በደረጃ ያስቀምጣል። ነገር ግን ይግባኝ የሚባለው በአንድ ውሳኔ ላይ ነው። በ«ሰኞ ብቅ ይበሉ» ላይ እንዴት ተብሎ ይግባኝ ይባላል? ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ይላል፤ መዝገብ ቤቱ «የማን ሰው ነዎት?» ይላል። ከሁለቱ መካከል የሚቆም እንዲኖር ነው ይህን ለእርስዎ የምጽፈው።

ለአንድ ጥቅል ፊልም ይህን ያህል? የሚል ካለ፣ አንድ ጥቅል ፊልም በዚህች አገር የሠራውን ያስታውስ። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የቀረጸው የረሀብ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ረሀቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው መቀስ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ያንን ምስል በሌላ መልክ ቆርጦ ሌላ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚችል ሰው አልነበረም፣ ጥቅሉ በእጁ አልነበረምና። ከዚያ ወዲህ የመጣው መንግሥት ሁሉ ጥቅሉንም መቀሱንም አብሮ ሲረከብ ኖሯል።

የሚያስገርመው የራሴን አገር ምስል ከለንደን ማየት ይቀለኛል። ብሪቲሽ ፓቴ የተባለው የዜና ፊልም ድርጅት በ2006 ዓ.ም. 85,000 ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ ስለጫነ፣ ታክሲ ተሰልፌ ሳለሁ የጃንሆይን ዘመን በስልኬ ማየት እችላለሁ። ገዝቼ ፊልሜ ውስጥ ላስገባው ብል ግን ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ያም ሆኖ ዋጋውን ይነግሩኛል፣ መልሱም በኢሜይል ይደርሰኛል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ቴሌቪዥናችን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም.ና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የዜና ምስል የሚቀረጸው በፊልም ጥቅል ላይ ነበር፤ አሲቴት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም በሙቀትና በእርጥበት ሲበላሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ይጀምራል፣ ከዚያም ይኮማተራል። በኋላ የመጣው፣ ቤታካም የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የቪዲዮ ካሴት ቢተርፍ እንኳ፣ ሶኒ ማጫወቻውን መሸጥ ያቆመው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ማሽኑ ሲሰበር መለዋወጫው ከሌላ ከተሰበረ ማሽን ላይ የሚነቀል ነው። «ሰኞ ብቅ ይበሉ» የሚለው መልስ ካሴት ላይ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል።

የምለምነው ቀላል ነው። ተቋምዎ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሚጽፈው ደብዳቤ፣ መረጃ ጠያቂ የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይጠየቅ፣ ማመልከቻው በቀረበበት ቀን ቁጥርና ማኅተም ያለው ማረጋገጫ እንዲሰጠው፣ በ30 ቀናት ውስጥም «እሺ» ወይም «አይሆንም፣ ምክንያቱም» የሚል የተፈረመ ወረቀት እንዲደርሰው ያሳስብልን። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ዝምታው እንደ ክልከላ ተቆጥሮ፣ የገቢ ቁጥሩን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው አቤቱታው በተቋምዎ ተቀባይነት እንደሚያገኝ በይፋ ይገለጽልን። የጠየቅሁት ፊልም ተቃጥሎ ወይም ተደምስሶ ከሆነም ይህንኑ በጽሑፍ ማግኘት እፈልጋለሁ፤ ያንን ወረቀት ፊልሜ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ለእኒያ አባትም አሳያቸዋለሁ።

የገቢ ቁጥሬ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት እስካሁን በእጄ አለች። ቀለሙ እየደበዘዘ ስለመጣ በስልኬ ፎቶ አንሥቻታለሁ፤ ተቋምዎ በጠራኝ ቀን ሁለቱንም ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘጋቢ ፊልም ባለሙያ
አዲስ አበባ